ረጅሟ ኖታ

መስከረም 27፣ 2017

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ዛሬ በሃያ አራት ዓመት ልጅ በግ ተባልኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ በንዴት የተጻፈ ነገር ስህተት አያጣም። ሠናይት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበረች። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን በሰርግና በሆቴል ትዘፍናለች፤ የመጀመሪያ አልበሟን እየቀዳች ነው። ከዘፈኖቹ የአንዱ ዜማ የኔ ነው። አራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ፣ በ1981፣ ዶርም ውስጥ የሠራሁት። ግጥሙን ሌላ ሰው አስጽፋለታለች። ደካማ ግጥም ነው፤ ነግሬያታለሁ። መግቢያውን እኔ በኤሌክትሪክ ጊታር እንድጫወተው ፈቀደችልኝ። በራሴ ዜማ «ፈቀደችልኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

መግቢያው ስድስት ኖታ ነው። አምስቱን ማንም ይመታቸዋል። ስድስተኛዋ ረጅም ናት። ስምንት ምት ሙሉ ብቻዋን ትቆማለች፤ ከሥሯ ከበሮ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ጊታር ደግሞ ትንፋሽ የለውም፤ ክሩን መትተህ ከተውከው ድምፁ ደርቆ ይሞታል። እንዲኖር ከተፈለገ የግራ እጅ ጣት ክሩን በትንሹ ወደ ላይ እየገፋ፣ ወደ ቦታው እየመለሰ ድምፁን ማርገብገብ አለበት። ቫይብሬቶ የሚሉት ይኸው ነው። የጣት ሥራ ይመስላል እንጂ የእጅ አንጓ ሥራ ነው፤ ቁልፍ እንደማዞር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለማንም ማስረዳት እችላለሁ።

ያ ልጅ ያብስራ ነው፤ የስቱዲዮው ባለቤት፤ ቀጂውም እሱ፣ ጊታር ተጫዋቹም እሱ። ቀድቶ መልሶ አሰማኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የመንዝ በግ ይመስላል» አለ። ሠናይት ሳቋን ዋጠች። ስትውጥ አየኋት።

ቀረጻው ኅዳር 8 ነው። እስከዚያ ካልተስተካከለልኝ ያብስራ ይጫወተዋል። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። በሌላ ነገር ይሆናል።


መስከረም 30

ስልኬ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫንኩ። ረጅሟን ኖታ ሠላሳ ጊዜ ቀዳሁ። በሴኮንድ ስድስት እርግብግቢት። ስፋቱም ልክ ነው፤ የግማሽ ድምፅ ሲሶ። መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሞገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

መልሼ ሰማሁት። ሠላሳ በግ።

ባለቤቴ በሰለች የጽጌን ጾም ይዛለች። በሩን ከፈት አድርጋ ለአፍታ አዳመጠችና «ሰውዬ፣ እረደውና ይገላገል» ብላ ዘጋችው። ያብስራ ያለኝን አልነገርኳትም ነበር።


ጥቅምት 3

ያብስራ ደወለ። አዝኖልኝ ነው። ጊታሬ ክሮቹ የሚታሰሩበት ድልድዩ ላይ የምትንቀሳቀስ ዘንግ አለችው፤ እሷን ጫን ለቀቅ ሲያደርጓት ክሮቹ ሁሉ አብረው ይርገበገባሉ። «በእሷ ቢያደርጉት ምን አለበት? አድማጩ አይለየውም» አለኝ። አድማጩ አይለየውም። ይህች አገር የጠፋችው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ሲሚንቶ ሰርቆ ድልድይ የሠራው፣ ፈተናውን ያሰረቀው፣ ዱቄቱን የቀላቀለው ሁሉ «ማን ይለየዋል» ብሎ ነው። ዘንጓን ፈትቼ አወጣኋት። መሳቢያ ውስጥ ናት።


ጥቅምት 6

መብራት የለም። ብርዱ ጣት ያደርቃል። የመሐል ጣቴ ጫፍ ተሰነጠቀ።

11ኛ «ለ» ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ «ኸርዝ መጣ» የሚል ተጽፏል፤ ያወጡልኝ ስም ነው። ማን እንደጻፈው ጠየቅሁ። ዝም አሉ። አርባ ደቂቃ ዝም አልኩ እኔም። ማን እንደሚበልጥ እንይ ብዬ ነው። ትምህርቱ አለፈ።


ጥቅምት 10

ትናንት አንኮበር ሄጄ፣ አድሬ ዛሬ ተመለስኩ። መንገዱ ሲከፈት ካልሄዱ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም።

እህቴ ወለተሐና፣ እቴቴ የምላት፣ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። የቤተ ክርስቲያን ጥላ ትሰፋለች፤ ከፋይ ላይ በወርቅማ ክር መስቀልና ሐረግ እየጣለች። ክሩንና ዘርፉን ከደብረ ብርሃን የማቀርብላት እኔ ነኝ። በሯ ላይ ስደርስ ከውስጥ ዜማ ሰማሁ። አባባ መሰሉኝ። አባባ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል።

አባታችን መሪጌታ ገብረ ሕይወት ግቢያችን ውስጥ ዜማ ያስተምሩ ነበር። ዜማ ላይ ርክርክ የሚባል ምልክት አለ፤ ከፊደሉ አናት ላይ የሚደረደሩ ነጥቦች። እዚያ ስትደርስ ድምፅህን እያርገበገብክ ታወርደዋለህ። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆሙኝ እዚያ ላይ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ቀን በተማሪው ሁሉ ፊት «ይኼ ልጅ አያዜምም፤ ይበርደዋል» አሉ። ተማሪው ሳቀ። በሳምንቱ አስኳላ ገባሁ። ታናሼ ፍቅረ ማርያም ቦታዬን ያዘ፤ ዛሬ በዚያው ደብር መሪጌታው እሱ ነው። ጥሩ ድምፅ አለው። ከጥሩ አያልፍም።

ወለተሐናን ማንም አላስተማራትም። ከግድግዳው ውጭ ጥጥ ስትፈትል ትውል ነበር፤ እንግዲህ አርባ ሰው በየዓመቱ ሲማርና ሲረሳ እሷ ከውጭ ሆና አልረሳችም። ስገባ ዝም አለች። እንደገና በይው ብላት «ምን ያደርግልሃል፣ አንተ የጊታር ሰው» ብላ መርፌዋን አነሳች። ትንሽ ቆይታ ሥራው ሲይዛት ረሳችኝ። የጽጌውን ዜማ ቀስ ብላ ጀመረችው።

እኔ ሠላሳ ጊዜ ሞክሬ ያጣሁት ነገር እዚያ ነበር። ስፌቷን እያየች፣ ሳታስበው።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እየቀዳ ነበር።

እንዴት እንደምታደርገው ጠየቅኳት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«አባባ ‹መጀመሪያ ቁም› ይሉ ነበር። ቃሉ ላይ ደርሰህ ሳትቆም ምኑን ታርገበግባለህ? አንተን እኮ ስንቴ ብለውሃል።»

አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም። ወይም እኔ አልሰማሁም። አርባ ሦስት ዓመት የተናደድኩበት ነገር በእሷ አፍ ውስጥ ሁለት ቃል ሆነ። መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ፤ በአባባ ይሁን በማን አላወቅሁም።


ጥቅምት 12

የእቴቴን ድምፅ መተግበሪያው ላይ አየሁት። አንድ ሴኮንድ ተኩል ቀጥ ያለ መስመር። ምንም የለም። ከዚያ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ አራት በሴኮንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ይሰፋል፣ ከዚያ እንደገና እየጠበበ ይወርዳል። ሁለቱ እርግብግቢቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ልክ ብዬ የያዝኩት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለቅጽበት፣ ሲያልፍ ይነካል።

እኔ ክሩን ከመታሁበት ቅጽበት ጀምሮ ነው የምንቀጠቀጠው።


ጥቅምት 13

አሥራ ሁለት ሴኮንዷን ቆርጬ ለያብስራ ላክሁለት። በግና ሰው ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ይስማ።


ጥቅምት 17

ዛሬ ሰባት ጊዜ መጣልኝ። ከሃምሳው ሰባቱ። መትቼ ዝም እላለሁ። መዳፌ ለመንቀጥቀጥ ይቸኩላል፤ አስታግሰዋለሁ። ከዚያ አንጓዬን አዞራለሁ። ክሩ ወደ ላይ ሄዶ ሲመለስ ወደ ቤቱ በትክክል መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ድምፁ የተሳሳተ ሰው ድምፅ ይሆናል።

በሰለች በሩን ከፈተች። ጥቂት ቆማ ሄደች። በሩን አልዘጋችውም።


ጥቅምት 20

ሠናይት የዘፈኑን ቅምሻ ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። ሠላሳ ሴኮንድ። መጀመሪያው ላይ የሚሰማው የእህቴ ድምፅ ነው። ከሥሩ የሲንተሳይዘር ጉም አስተኝተውበታል። ከዚያ የሠናይት ድምፅ «ከንፈርህ» እያለ ይገባል።

የጽጌ ዜማ። ከንፈርህ።

ስቱዲዮ ድረስ ሄጄ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ ጮኼ አላውቅም። ለማንም አታሰማ ብዬው ነበር። ያብስራ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሠናይት አለቀሰች። «ቲቸር፣ በሞቴ፣ የድሮ ቅጂ መስሎኝ ነው። የሞቱ ሰው መስለውኝ ነበር» አለች። በሕይወት ያለች ሰው ናት አልኳት፤ ስሟን ግን አልነገርኳትም። እዚያው አጠፋችው። አራት ሺህ ሰው አይቶታል፤ ስንቱ እንደወሰደው አይታወቅም።


ጥቅምት 21

ፍቅረ ማርያም ደወለ። አንድ ልጅ ቲክቶክ ላይ አሰምቶታል። አባባን የሚያውቅ ሰው ያንን ርክርክ አይስተውም። ዕድሜ ልኩን «ጋሼ» እና «እርስዎ» ያለኝ ሰው ዛሬ «አንተ» አለኝ።

ስልኩ በደንብ አይሰማም ነበር። ብዙም አላወራንም።


ጥቅምት 24

አንኮበር መሄጃ የለም። መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ። ረዳቱ «የሚሄድ የለም አባት፣ ግቡ ቤትዎ» ይለኛል። አባት አይደለሁም።

ለእቴቴ የምደውለው በጎረቤቷ በአመተ ማርያም ስልክ ነው። አመተ ማርያም አንሥታ «እትዬ ወለተሐና አልመች ብሏታል፣ ማንንም አታወራም» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካህናቱ ለኅዳር በዓል የሰፋችውን ጥላ አንረከብም እንዳሉ፣ ለዘፋኝ ዜማ የሰጠች ሴት የሰፋችው ቤተ መቅደስ አይገባም የሚል እንዳለ፣ እሷም ዛሬ እሁድ ሆኖ ቅዳሴ እንዳልሄደች ነገረችኝ። ስድሳ ዓመት አንድ ቀን ያልቀረች ሴት።

እነዚህ ሰዎች ሳይጠይቁ፣ ሳያጣሩ እንዴት ይፈርዳሉ? ማስረጃ የሚባል ነገር አያውቁም?


ጥቅምት 25

ለያብስራ የላክሁትን መልእክት ከፍቼ አየሁት። ለማንም አታሰማ የሚል የለበትም። «ይህን ስማና እፈር» ነው የሚለው። ሌላ ምንም የለም።

ልጁ ስጮህበት አንድ ቃል አልመለሰም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ ሊያሳየኝ ይችል ነበር።


ጥቅምት 27

ክፍል ውስጥ ስህተት የሠራን ልጅ አስቆምኩ። ፎርሙላውን አሳስቶ «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለ። የእጅ ጽሑፉ እያለ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ አልቻልኩም። «ተቀመጥ» አልኩት።

እንግዲህ ልጻፈው። ፍቅረ ማርያም በስልክ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «አንተ ነህ ወይ?» አለ። ስልኩ ደኅና ይሰማ ነበር። «እኔ አላውቅም» አልኩት። «እንግዲያው ራሷ ናት» አለና ዘጋው።

ጊታሩን ከጥቅምት 20 ወዲህ አልነካሁትም።


ጥቅምት 28

ለበሰለች ነገርኳት። ማታ ብርድ ልብሴን ከሳጥን አውጥታ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። በእግርህም ቢሆን ሂድ ማለቷ ነው።


ኅዳር 1

ትናንት በለሊት ድንች ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ ሄድኩ። ሦስት ቦታ አስቆሙን፤ መታወቂያ፣ ከየት ወዴት። መምህር ነኝ፣ እህቴ ዘንድ ነው አልኩ። የመጨረሻው «ታማ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እሱም ውሸት ነው፣ ወይም አይደለም።

በቀጥታ የሄድኩት ፍቅረ ማርያም ቤት ነው። እየተናደድኩ ነው የሄድኩት፤ ይህን አልክድም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁትን ደጅ ማንኳኳት ያናድዳል። ውሃ እንኳን ሳይሰጠኝ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። እኔ ነኝ የቀዳሁት፣ ሳትሰማ፣ ሳላስፈቅዳት፤ እኔ ነኝ የላክሁት፤ በስልክ የዋሸሁህም እኔ ነኝ። እሱ ረጅም ጊዜ መቋሚያውን ይዞ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ድንጋይህን ይዘህ ወደ እሷ ሂድ። እኔም የፈረድኩባት ነኝና እከተልሃለሁ።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው። አያቶቻችን ያደረጉትን ሰምቻለሁ። አንድ ቀን የፊዚክስ መምህር ሆኜ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከግንቡ ሥር አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ስምንት ኪሎ ይሆናል። ፍቅረ ማርያም ያነሳው ከኔ ይተልቅ ነበር፤ ይህም አናደደኝ። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ድንጋይ ተሸክመን በአንኮበር መንገድ ወረድን። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየን። አንዲት ሴት «እነዚህ የመሪጌታ ልጆች አይደሉም?» ስትል ሰማኋት።

እቴቴ በሯ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ያንኑ የተመለሰባትን ጥላ፤ አንዱን የወርቅ መስቀል ፈትታ እንደገና ትጥለዋለች። ቀና ብላ አየችን። ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቆምን። ድንጋዩ አንገቴ ላይ ያርፋል፤ የተሰነጠቀ ጣቴ ጠርዙን ይዟል። መናገር ስጀምር መርፌውን የያዘች እጇን ብቻ አነሳችብኝ። ዝም አልኩ። መስቀሉን እስክትጨርስ፣ ከዚያ ዙሪያውን ሐረግ እስክትጥል ቆምን። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፍቅረ ማርያም ከጎኔ ይተነፍሳል። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሰዓቴን ማየት አልቻልኩም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ተወው።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«አውርዱ» አለች።

ስናወርድ ወደ ፍቅረ ማርያም ዞራ፣ ስለ ጥላው ለካህናቱ እሱ ራሱ እንዲነግር አዘዘችው። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ያን ቀን ከቤቴ የገባ ስልክ ያንተ ብቻ ነበር። ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። እንድትናገር ነው የጠበቅሁህ።»

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ለእነሱ ለምን አልነገርሻቸውም።

«አንተን ከሰጠሁ በኋላ ምን ይቀረኛል?» አለች።

ዘፈኑን እንደምተወው ነገርኳት፤ ዜማዬን ከሠናይት እወስዳለሁ አልኳት። ያን ጊዜ ተቆጣች፤ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ተቆጣች። እሷ በምስጢር ስታዜመው የኖረችውን ወስጄ ጥዬው እንድሄድ አትፈቅድም። «ዘፈንህን ዝፈን። አንዴ ወስደኸዋል፤ አስተካክለህ ተጫወተው። ግን ከማን ተማርክ ቢሉህ ስሜን አታንሳ። ለሰው አይደለም የማዜመው።»

ፍቅረ ማርያም ሰማ። ወደ ድንጋዩ አየ።


ኅዳር 4

አመተ ማርያም ደወለች። ጥላውን ተረከቡ። እቴቴ ቅዳሴ ሄዳ እንደ ወትሮው በስተ ቀኝ ቆማለች። «ግን ስትሰፋ ከእንግዲህ ድምፅ አይሰማም» አለችኝ። «ልማድ ሆኖብን ነበር። ጆሯችን ባዶ ሆነ።»


ኅዳር 8

ተቀዳ።

ያብስራን በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መልእክቱን እንዳየሁት ነገርኩት። «ይተዉት ጋሼ» አለ። ከዚያ ገመዱን ሰካልኝ።

በመጀመሪያው ቸኮልኩ። ሁለተኛው ደኅና ነበር፤ ሠናይት በቃ ይበቃል አለች፤ አይበቃም አልኩ። ሦስተኛው ላይ ስድስተኛዋን መታሁና ቆምኩ። ቆምኩ። ያብስራ ከመስታወቱ በስተጀርባ ቀና ሲል አየሁት፤ የረሳሁት መስሎት ይሆናል። ከዚያ አንጓዬን አዞርኩ። ክሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሰፋ፣ ጠበበ፣ ወረደ። የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያብስራ መልሶ አሰማን። ሁለት ጊዜ። ሠናይት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«ጋሼ» አለ ያብስራ፤ ሳቅ የለበትም። «ይኼን ግን ከማን ተማሩት?»

ሠናይት ታየኛለች። ያ ቅምሻ ትዝ ሊላት ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ ትዝ እንዲላትም ፈለግሁ።

«ከማንም» አልኩ። «ራሴ ነኝ።»

ወዲያው አመኑኝ።